ጥቆማ፦ ባንኮክ ተቀምጦ ካው ሶይ ያማረው ሰው የት ይሂድ?

ሁለት ዓመት ሰሜን ታይላንድ፣ ቺያንግ ማይ ኖሬ ወደ ባንኮክ ስዛወር ያስጨነቀኝ የቤት ኪራዩና ሙቀቱ ነበር። ምግብ ይቸግረኛል ብዬ በጭራሽ አላሰብኩም። ባንኮክ እኮ ነው፣ ሁለት እርምጃ ሳትሄዱ የሆነ ነገር የሚጠብስ ሰው ታገኛላችሁ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ካው ሶይ አማረኝ።

ለማታውቁት፣ የሰሜኖቹ ምግብ ነው። የኮኮናት ወተት የገባበት ቅመማም መረቅ፣ ውስጡ የእንቁላል ኑድልና የዶሮ እግር፣ ከላይ ደግሞ በዘይት ተጠብሶ ኩርሽም ኩርሽም የሚል ኑድል። በጎን የኮመጠጠ ጎመን፣ ጥሬ ቀይ ሽንኩርት፣ ሎሚና በዘይት የተጠበሰ በርበሬ ይመጣል። አንድ የገበያ ሕንፃ ውስጥ ገብቼ አዘዝኩ። የመጣልኝ ስኳር የበዛበት ሾርባ ነበር፣ ኩርሽም ማለት የነበረበት ኑድል ረጥቦ ተኝቷል። ቺያንግ ማይ ከምከፍለው ሦስት እጥፍ ከፈልኩበት። ከዚያ ወዲህ ፍለጋው ሱስ ሆኖብኛል። ዘመድ ለማሳከም የመጣችሁም፣ ፕራቱናም ልብስ ልትገዙ የመጣችሁም ስለምትጠይቁኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

አዲስ አበባ ላይ ጥሩ ቆጮ የፈለገ ሰው ጉራጌ ጓደኛውን ይጠይቃል አይደል? እዚህም የክልሉ ሰው የሚበላበትን ፈልጉ።

በጣም ቀላሉ የኢሳን ምግብ ነው። ኢሳን ሰሜን ምሥራቁ ነው፣ 20 ክፍለ ሀገር፣ ባንኮክ ውስጥ ታክሲ የሚነዳውም ሕንፃ የሚገነባውም ብዙው ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ በየመንገዱ ሶም ታም አለ፣ በሙቀጫ የሚወቀጥ ጥሬ ፓፓያ። ስታዙ ግን ተጠንቀቁ። ሶም ታም ታይ ካላችሁ ኦቾሎኒና ደረቅ ሽሪምፕ ያለበት ጣፈጥ የሚል ይሰጧችኋል። የኢሳኖቹ ሶም ታም ፕላ ራ ነው፣ ፕላ ራ ማለት እንዲብላላ የተተወ ዓሣ ነው። ሽታው የመጀመሪያ ቀን ያባርራል፣ በአራተኛው ቀን ያለሱ ፓፓያው ባዶ ይሆንባችኋል። ተጣባቂው ሩዝ በትንሽ ቅርጫት ይመጣል፣ በጣት ጠቅለል አድርጎ መጥቀስ ነው። እንጀራ ለለመደ እጅ ማን ያስተምራል? ቁጭ ብሎ ለመብላት ሳላ ዴንግ ያለው ሶም ታም ዴር ይመቻል። ለዶሮ ከሆነ ግን በነጭ ሽንኩርት ጥብስ የተሸፈነውን የሶይ ፖሎን ዶሮ የሚያህል የለም (እዚህ ሶይ ማለት ቅያስ መንገድ ነው)።

ክትፎ ወዳጆች ኮይ የሚባል ጥሬ የበሬ ሥጋ እንዳለ ስትሰሙ ደስ ይላችሁ ይሆናል። የዓሣውን፣ ኮይ ፕላ የሚሉትን ግን አትንኩ። ከወንዝ ዓሣ የሚመጣው የጉበት ትል በኢሳን የሐሞት ቱቦ ካንሰር ዋና ምክንያት ነው።

ወደ ደቡብ። እዚህ ጋ "ሚጥሚጣ ለምጃለሁ" የሚለው ኩራት ይሰበራል። ኩዋ ክሊንግ እንደኛ ደረቅ ጥብስ መረቅ የለውም፣ በእርድ ቢጫ ሆኖ የተከተፈ ሥጋ ነው፣ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ጆሮዬ ጮኸ። የምመርጠው ካው ጌንግ ቤቶቹን ነው፣ ወጡን በትሪ ደርድረው በጣት ጠቁማችሁ ሩዝ ላይ የሚያደርጉላችሁን። ጥሩ የደቡብ ቤት ጠረጴዛው ላይ ሳትጠይቁ ጥሬ ቅጠላ ቅጠል ያስቀምጣል፣ ለማቃጠሉ ማብረጃ። ያ ከሌለ እኔ እጠራጠራለሁ። በጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ትሪው ይራቆታል። ሰፈሩ? ሲሪራጅ ሆስፒታል ጎን ያለው ዋንግ ላንግ ገበያ፣ ወንዙን በጀልባ ተሻግራችሁ። ሌላው ራምካምሄንግ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ከደቡብ ብዙ ተማሪ ስለሚስብ፣ ሙስሊም ምግብ ቤትም እዚያ ሞልቷል። ጌንግ ሶም የሚባለውን ኮምጣጣ ወጥ ስታዙ ደግሞ ባንኮኮች የደቡቡን "ጌንግ ልዌንግ" (ቢጫው ወጥ) እንደሚሉት አትርሱ፣ አለዚያ የመሐል አገሩ ይመጣባችኋል።

ገንዘብ ካላችሁ ኩዋ ክሊንግ ፓክ ሶት የሚባል ምግብ ቤት አለ፣ የፉኬት ምግብ ለሚፈልግ ሱኩምቪት ሶይ 8 ፕራይ ራያ አለ። ሶርን ደግሞ ለምግብ ቤቶች ደረጃ በሚሰጠው በ2025ቱ የሚሽላን መመሪያ ሦስት ኮከብ ያገኘው ነው፣ እሱን የሚጋብዘኝ ሰው እየጠበቅኩ ነው።

አሁን ወደ ሰሜን፣ ወደ በሽታዬ። እንደ ኢሳን በየጥጉ ስለሌለ ፈልጋችሁ ትሄዳላችሁ። ለካው ሶይ አሪ ሰፈር ያለው ኦንግ ቶንግ ለእኔ አንደኛ ነው። አረንጓዴ ቃሪያ ጠብሰው የሚወቅጡትን ናም ፕሪክ ኑም ደግሞ ካምፌንግ ፌት ባቡር ጣቢያ ያለው ኦር ቶር ኮር ገበያ ታገኙታላችሁ። ንጹሕ ገበያ ነው፣ ዋጋውም እንደ ንጽሕናው። ሳይ ኡዋ የሚባለው ቋሊማ የሎሚ ሣር ሽታው ሰፈር ያውዳል፣ ግን አሳማ ነው።

አሳማ ለማትበሉ ሁሉ "ማይ ሳይ ሙ" የምትለዋን ያዙ፣ አሳማ አታድርጉበት ማለት ነው። ካው ሶይ ራሱ ከዩናን በመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች በኩል እንደገባ ስለሚነገር በዶሮና በበሬ መሥራት የኖረ ነው። ቺያንግ ማይ ከሄዳችሁ የባን ሆ መስጊድ አጠገብ ካው ሶይ ኢስላም አለ። ለጿሚ ደግሞ በቢጫ ላይ በቀይ "ጄ" የተጻፈበትን ቤት ፈልጉ። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም የለም፣ ከኛ ጾም ይብሳል።

በስልክ ለማዘዝ ግራብ የሚባለው መተግበሪያ ለእንግዳ ይቀላል፣ ላይን ማን በሚባለው ላይ ግን ትንንሾቹ ቤቶች ይበዛሉ። የምግቡን ስም በታይ ፊደል ኮፒ አድርጋችሁ ፈልጉ፣ በእንግሊዝኛ ስትፈልጉ ለቱሪስት የተዘጋጀው ይቀድማል። ካው ሶይ ሲመጣ መረቁ በላስቲክ ከረጢት ተቋጥሮ፣ አንገቱ በጎማ ተጠምዝዞ፣ ጥብሱ ኑድል ለብቻው ከሆነ ቤቱ ምግቡን ያውቀዋል። ሁሉንም አንድ ላይ ገልብጠው ከላኩ ሁለተኛ አትዘዙ።

ናም ንጊያው፣ ያ የቲማቲም መረቅ ያለው የሰሜን ኑድል፣ በበሬ ሥጋ የሚሠራ ባንኮክ ውስጥ የምታውቁ አላችሁ? እስካሁን ያገኘሁት በሙሉ አሳማ ነው። ሩቅም ቢሆን እሄዳለሁ፣ ጻፉልኝ።