ለቀድሞ ወታደሮች የእርሻ ስልጠና የመንግሥት ገንዘብ ይውጣ ወይስ አይውጣ?

ክርክሩን የከፈተው፦ ሰላም ለሁላችሁ። የማነሳው ነገር የአሜሪካ ነው፤ ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የፌዴራሉ ግብርና መሥሪያ ቤት ከሠራዊት የተሰናበቱ ሰዎችን እርሻ ለሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎችና በጎ አድራጎት ድርጅቶች አወዳድሮ ግራንት (የማይመለስ የድጋፍ ገንዘብ) ይሰጣል። ፕሮግራሙ አግቬትስ ይባላል፤ በዓመት ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር ነው። የ2014ቱ የእርሻ ሕግም ለጀማሪ ገበሬዎች ስልጠና ከሚመደበው ገንዘብ ላይ ቢያንስ 5 በመቶው ለቀድሞ ወታደሮች እንዲለይ አድርጓል።

እኔ ይቀጥል፣ እንዲያውም ይጨመር ባይ ነኝ። በ2022ቱ የግብርና ቆጠራ የአሜሪካ ገበሬ አማካይ ዕድሜ 58.1 ዓመት ሆኗል። በ2017 ውትድርና ያለፈበት ገበሬ 370,619 ነበር፤ በ2022 ወደ 305,753 ወረደ። አዛውንቶቹ እየሄዱ ነው፣ የሚተካቸው አልመጣም። ከሠራዊት የሚወጣው ሰው ደግሞ ማልዶ መነሣት፣ ማሽን መጠገን፣ በዝናብም በብርድም መሥራት ለምዷል። እጁ ላይ ሥራ አለ፤ መንገዱን ማሳየት ብቻ ነው።

ግብር ከፋይ፦ ወንድሜ፣ ያመጣኸው ቁጥር ባንተው ላይ ይመሰክራል። ስልጠናው እያለ አይደል እንዴ ከ64 ሺህ በላይ ሰው የቀነሰው? ወታደሩን ጠልቼ አይደለም፣ ታላቅ ወንድሜም አገልግሏል። ግን የጠፋው እውቀት ሳይሆን መሬት ነው። በ2024 የአንድ ኤከር (0.4 ሄክታር ገደማ) የሰብል መሬት አማካይ ዋጋ 5,570 ዶላር ነበር። 100 ኤከር ልግዛ ያለ ሰው ትራክተር ሳያስብ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊያወጣ ነው። ይህ የሌለውን ሰው ስለ አፈር ምርመራና ስለ ቢዝነስ ፕላን አስተምረህ፣ ሰርተፍኬት አስይዘህ፣ ፎቶ አንስተህ ስትሸኘው ምን አደረግህለት? ገንዘቡን የበላው አሰልጣኙ ድርጅት ነው።

ደግሞ ይህ ነገር አዲስ አይደለም። አውስትራሊያ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተመላሽ ወታደሮችን መሬት ሰጥታ አስፍራ ነበር። መሬት ራሱን! ብዙዎቹ ዕዳ ውስጥ ገብተው ለቀው ሄዱ። ጉዳዩን ያጣሩት ዳኛ ፓይክ በ1929 ኪሳራውን 23.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አደረሱት። ምክንያት ብለው ካስቀመጧቸው ውስጥ የካፒታል ማነስ፣ የማሳው ጥበት፣ ለእርሻ የማይሆኑ ሰዎች መግባትና የምርት ዋጋ መውደቅ ይገኙበታል። ከእነዚህ ስንቱን ነው ስልጠና የሚያድነው?

የገበሬ ልጅ፦ አንዱን ያድናል፣ እሱም ትልቁን። ለእርሻ የማይሆነው ሰው ራሱን ቀድሞ ያውቃል። ቤቱን አስይዞ፣ የጡረታ ገንዘቡን ከብት ላይ አፍስሶ፣ ሚስቱን ከሥራዋ አስለቅቆ ከገባ በኋላ «ይሄ ለእኔ አይደለም» ከሚል ስልጠና ላይ ሳለ ቢተወው በስንት ጣዕሙ። እኔ ከሰለጠኑት ግማሹ ሌላ ሥራ ቢይዙ ፕሮግራሙ ከሸፈ አልልም። ችግሩ ሪፖርቱ ላይ «ይህን ያህል ሰው ሰለጠነ» እንጂ «ይህን ያህሉ አይቶ ተወው፣ ከዕዳም ዳነ» ተብሎ ሲጻፍ አላየሁም።

ነርሷ፦ እኔ ልጨምር። አንድ የንብ ማነብ ስልጠና ላይ በበጎ ፈቃድ ሠርቻለሁ። እዚያ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበር፣ ኢራቅ የነበረ። ንብ ችኮላ አትወድም፤ ፍሬሙን፣ ማር የሚሠሩበትን የቀፎ እንጨት፣ ፈጥነህ ከሳብህ ትነሣብሃለች። እና ያ ሰው ጭሱን ቀስ አድርጎ ይነፋል፣ ይጠብቃል፣ ፍሬሙን በሁለት ጣቱ ላላ ያደርግና እንደገና ይጠብቃል። ንግሥቷን እስኪያገኝ አንድም ቃል አልተናገረም። ሲያገኛት እጁ ቀጥ ብሎ ነበር። ይህን ያየሁ ሰው ገንዘቡ ይቁም ልል አልችልም።

ግን አንድ የሚያስፈራኝ ነገር አለ። «እርሻ የጭንቀት መድኃኒት ነው» እያሉ ግራንት የሚጠይቁ አሉ። ንብ ማየት ሌላ፣ ከንብ መኖር ሌላ። እርሻ ሲተዳደሩበት ብድር ነው፣ ድርቅ ነው፣ ገዢ ማጣት ነው፣ ለብቻ መዋል ነው። በጭንቀት የተጎዳን ሰው እንዲያገግም ብለን ዕዳ ውስጥ ብንከተው ምን ይባላል? ለማገገሚያ የሚሆነው ገንዘብ ከጤና በጀት ይምጣ፣ የእርሻው ገንዘብ ለእርሻ ይሁን። አካል ጉዳት ላለባቸው ገበሬዎች ግን አግራቢሊቲ የሚባለውን ፕሮግራም እዩት። እግር የሌለው ሰው ትራክተር ላይ የሚወጣበትን ማንሻ፣ ፔዳሉን በእጅ የሚነዳበትን ዘዴ ያሳያሉ። እንዲህ ቀጥታ የሆነ እርዳታ ነው ልቤን የሚያሳርፈው።

ግብር ከፋይ፦ እህቴ፣ ይህን ስትዪ ሙሉ በሙሉ ከአንቺ ጋር ነኝ።

የገበሬ ልጅ፦ ወደ መሬቱ እንመለስ፣ ምክንያቱም ይህ ነገር አንዴ በደንብ ተሠርቶ ያውቃል። በ1944ቱ የጂአይ ቢል፣ ከጦርነት ለተመለሱ ወታደሮች ትምህርትና ድጋፍ በሰጠው ሕግ፣ ወደ 690 ሺህ የሚሆኑ ተመላሾች የእርሻ ስልጠና ወስደዋል። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ፦ ሰልጣኙ ማሳ ላይ ነበር፤ የራሱ ወይም የቀጠረው ሰው ማሳ። ክፍል ይማራል፣ መምህሩ ደግሞ እርሻው ድረስ እየሄደ ያየዋል፣ እሱም በየወሩ መተዳደሪያ ይቀበላል። ገንዘቡ ሰውየውን ተከትሎ ነው የሄደው። ዛሬ ግራንቱ ለድርጅቱ ነው የሚሰጠው፣ ሰልጣኙ ግን ብዙ ጊዜ ያለ ገቢ ይማራል። ልጆች ያሉት ሰው ይህን ስንት ወር ይችላል?

ሌላ ሐሳብ አለኝ፦ ይቅርታ፣ ሁላችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። ለምን ወታደር ብቻ? በሰው እርሻ ላይ 20 ዓመት እንጆሪ ሲለቅሙ የኖሩት ስደተኞች ከማንም በላይ ሥራውን ያውቁታል። ለተገለሉ ገበሬዎች በ1990 የተጀመረው ፕሮግራም፣ 2501 የሚባለው፣ በ2014 ለቀድሞ ወታደሮችም ተከፈተ። ያው ገንዘብ ላይ ተሻሚ በዛ። ፖለቲከኛ ለወታደር ድምፅ መስጠት ይቀለዋል፣ ለለቃሚው ማን ይቆማል?

ክርክሩን የከፈተው፦ ትክክለኛ ቅሬታ ነው፣ አልክድም። መልሱ ግን ከአንዱ ቀምቶ ለሌላው መስጠት አይደለም፣ ገንዘቡ ይጨመር። 5 ሚሊዮን ዶላር ለመላው አሜሪካ ምንም ማለት ነው። ስለ መሬቱ ደግሞ፣ ሁሉም ሰው 100 ኤከር አይገዛም እኮ። በአንድ ኤከር ኪራይ ላይ የፕላስቲክ ቤት አቁሞ ሰላጣ የሚሸጥ አለ። ለፕላስቲክ ቤቱ መንግሥት ከወጪው ብዙውን ይሸፍናል፣ የቀድሞ ወታደር ከሆነም ግማሹን አስቀድሞ ሊቀበል ይችላል። እስከ 50 ሺህ ዶላር የሚደርስ አነስተኛ ብድርም አለ። ፎርሙን የሚያስሞላው ሰው ግን ማን ነው? ያው የምትነቅፉት አሰልጣኝ።

ግብር ከፋይ፦ እሺ፣ እንዲህ ከሆነ ሐሳብ ላቅርብ። ግራንት የበላ ድርጅት ሁሉ ከስልጠናው 3 ዓመት በኋላ ስንቱ መሬት ላይ እንዳለ፣ ስንቱ እንደተወው፣ ስንቱ ዕዳ እንደያዘው ስም ሳይጠራ ይፋ ያድርግ። ያላወጣ በሚቀጥለው ዙር አይወዳደር። ይህ ከተጻፈበት እደግፋለሁ፤ ካልተጻፈ አቋሜ ያው ነው።

የገበሬ ልጅ፦ እኔም እፈርማለሁ። ግን 3 ዓመቱ ለአትክልት ይሁን። ፖም የተከለ ሰው በ3 ዓመት ገና ዛፉን ነው የሚያሳድገው። ለእሱ ቢያንስ 7 አድርጉለት።