ከሀበሻ ጋር ብቻ መዋል፦ ጥፋቱ የኛ ነው የነሱ?

የኦሃዮው፦ ሰላም ቤተሰብ። ትናንት አንዱ "ኤፍ ዋን የተማሪ ቪዛ ለምናችሁ አሜሪካ መጥታችሁ 4 ዓመት ከሀበሻ ጋር ብቻ ከዋላችሁ ስድስት ኪሎ አይሻላችሁም ነበር?" ብሎ ፅፎ ግሩፑ ታመሰ። እኔ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፣ የምር የምለው አሜሪካዊ ጓደኛ ግን የለኝም። ጥፋቱ የማነው?

የፒያሳዋ፦ የኛ ነዋ! ካፌው ጥግ ላይ ክብ ሰርተን በአማርኛ እየጮህን ማን ደፍሮ ይቀመጣል?

ማታ ፈረቃ፦ ቆይ አንቺ ስራ የለሽም እንዴ? ትምህርት እያለ ግቢ ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት ነው የሚፈቀደው፣ ከዛ ላይ ቢያንስ 12 ክሬዲት፣ እኔ እቃ አጥቤ ስወጣ ልጆቹ በመኪና ተጭነው ሄደዋል፣ እኔ ደሞ መኪና የለኝ የምከፍለው የለኝ፣ በምኔ ልከተላቸው?

ጨዋታ አዋቂ፦ እኔን ያስቸገረኝ ሰላምታቸው ነው። መጀመሪያ ሰሞን አንዱ "ሃው አር ዩ" ሲለኝ ቆሜ ጉንፋን እንደያዘኝ ላስረዳው ስል እሱ በሩን አልፎ ሄዷል ሃሃሃ። ሌላው ቡና የጋበዘኝ መስሎኝ መርቄው ተለያየን፣ ማታ በቬንሞ፣ በስልክ ብር መላኪያው አፕ፣ 4 ዶላር ላክ አለኝ።

የፒያሳዋ፦ እሱ ባህላቸው ነው፣ ንቀት አታድርገው። የኔ ሩምሜት ሳታስፈቅደኝ ማስቲካዬን አትነካም፣ ግን ለታንክስጊቪንግ በዓል ዶርም ሲዘጋ ከኛ ልጆች አንድም ሰው የት ትሄጃለሽ ሳይለኝ እሷ ናት 5 ሰዓት ነድታ እናቷ ቤት የወሰደችኝ።

ሜሪላንድ ያደገ፦ እኔ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የተወለድኩት። እውነቱን ልናገር፣ ሃይስኩል እያለሁ ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ልጅ ሲመጣ እሸሸው ነበር፣ ከሱ ጋር እንዳይደምሩኝ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። እና "እኛ"፣ "እነሱ" ስትሉ እኔ የቱ ጋ ነኝ?

ማታ ፈረቃ፦ ሩምሜትሽ ትባረክ፣ ግን እሷ አንድ ናት። እኔ ግቢውን ነው የምወቅሰው። የኛን ፎቶ ዌብሳይቱ ላይ ይለጥፋሉ፣ ኦረንቴሽን ሲሆን ግን የውጭ ተማሪውን ቀድመው ለብቻው ይሰበስቡታል፣ ባንክ አካውንት ስንከፍት ሲም ካርድ ስንገዛ አብረን ነን፣ አሜሪካኖቹ ሲገቡ እኛ ተቧድነን አልቀናል። ያ ቡድን ነው እስከ ምረቃ የሚሄደው። መጀመሪያውኑ ቢቀላቅሉን ምን ነበረበት?

የፒያሳዋ፦ እሱ ላይ እስማማለሁ። ግን ከተቀላቀልክ በኋላስ፣ ግቢው አብሮህ ያውራልህ?

ጨዋታ አዋቂ፦ ኳስ ሜዳ ሂዱ በቃ። ኳስ እየተጫወትክ ግራመር የሚጠይቅህ የለም፣ እኔ ሁለቱን ጓደኞቼን እዛ ነው ያገኘኋቸው፣ አንዱ የቴክሳስ ልጅ ነው፣ ሌላው ግን ኮሎምቢያዊ ስለሆነ አይቆጠርልኝ ይሆናል።

የኦሃዮው፦ እሺ፣ ነገ የላብ ፓርትነሬን ቡና እንጠጣ ልለው ነው። ማነው የሚከፍለው ግን?

ጨዋታ አዋቂ፦ የራስህን ክፈል! እንዳትመርቀው ደሞ።