ሲጂ 125፣ 72,000 ኪ.ሜ፦ ሞተሩ ከመከፈቱ በፊት ምን ይታይ?

ባለ_125
ሰላም ለሁላችሁ። ሲጂ 125 ሞተር ሳይክል ነው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ባለ ካርቡራተር። 72,000 ኪ.ሜ ሄዷል፣ አብዛኛው ኮረኮንችና አቧራ ላይ። በ1,000 ኪ.ሜ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ዘይት ይበላል፣ ዳገት ላይ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፣ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ ቲክ ቲክ ይላል። ጋራዥ «ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ብቻ ይቀየር» ተብያለሁ። ሳይከፈት ምን ማረጋገጥ ይቻላል? ፋሻ ብቻ መቀየርስ ያዋጣል?

ፊለር_ጌጅ
ወንድሜ፣ መጀመሪያ የቫልቭ ክፍተት። ሞተሩ አድሮ የቀዘቀዘ ይሁን። በግራ በኩል ያለውን የማግኔት ሽፋን ፍታና «ቲ» የሚለው ምልክት ከሞተሩ ጭረት ጋር እስኪገጥም አዙር። ሁለቱም ሮከሮች (ቫልቮቹን የሚገፉት ክንዶች) በጣት ሲነኩ ላላ ማለት አለባቸው፤ አንዱ ከጠበቀ አንድ ሙሉ ዙር ጨምር። ክፍተቱ ለሁለቱም 0.08 ሚ.ሜ ነው። የማስተካከያውን ዳዶ ስታጠብቅ ማስተካከያው አብሮ ስለሚዞር ካጠበቅህ በኋላ ደግመህ ለካ። ሲላላ ቲክ ቲክ ይላል፤ ሲጠብቅ ግን ድምፅ የለውም፣ ቫልቩ ሳይዘጋ ቀርቶ ይቃጠላል። ስለዚህ ዝም ያለ ቫልቭ ያሳስበኛል።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት። ሞተሩን አሙቅ፣ ካንዴላውን (እሳት የሚሰጠውን) ፍታ፣ የካንዴላውን ኮፍያ ከሞተሩ አካል ጋር አስነካ፣ ጌጁን ግጠም። ጋዙን እስከ መጨረሻ ይዘህ መርፌው መውጣት እስኪያቆም ማስነሻውን ከ5 እስከ 7 ጊዜ በእግር ምታ። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረህ ድገም። ቁጥሩ በግልጽ ከወጣ ፋሻ ወይም ሲሊንደር ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)። የቫልቭ ክፍተቱ ሳይስተካከል ይህን መለካት ግን ያሳስታል።

ቶርኖ_ቤት
ከላይ የተባለው ልክ ነው። ጭሱ የሚወጣበትን ሰዓትም እይ፦ ጠዋት ሲነሳ ወይም ከቁልቁለት በኋላ ጋዝ ስትሰጠው ብቻ ከሆነ የቫልቭ ጎማ ነው፤ ዳገት ላይ ከሆነ ወደ ፋሻና ሲሊንደር ያደላል።

«ፋሻ ብቻ» በሚለው አልስማማም፣ ሳይለካ ከሆነ። ያረጀ ሲሊንደር ከላይ በኩል፣ ፋሻው ከማይደርስበት ቦታ በታች፣ በጥፍር የሚያዝ እርከን ይሠራል። አዲሱ ፋሻ ጠርዙ ስላልተበላ እርከኑን እየመታ ይሰበራል። የተከፈተ ዕለት አሮጌውን የላይኛውን ፋሻ በፒስተኑ እየገፋህ ከሲሊንደሩ አፍ 10 ሚ.ሜ ዝቅ ባለ ቦታና ከታች በኩል ለካው። የጫፎቹ ክፍተት ከ0.5 ሚ.ሜ ካለፈ ፋሻው አብቅቷል። ከላይና ከታች ያገኘኸው በጣም ከተራራቀ ደግሞ ሲሊንደሩ ራሱ ሾጣጣ ሆኗል። የሲሊንደሩ መነሻ 56.5 ሚ.ሜ ነው፤ በሦስት ከፍታ፣ በሁለት አቅጣጫ ተለክቶ 56.6 ከደረሰ ሬቲፊካ (ውስጡን በቶርኖ ቤት አስፍቶ ማስተካከል) ያስፈልገዋል። ፒስተን በ0.25 እየጨመረ ይገኛል። ፒስተኑ ይገዛ፣ ከዚያ ሲሊንደሩ በፒስተኑ ልክ ይቆረጥ፤ ተገላቢጦሹን አታድርጉ።

ሲሊንደሩ ከሬቲፊካ ሲመለስ በነጭ ጋዝ ብቻ ማጠብ አይበቃም። በሙቅ ውሃና በሳሙና ፍተጉት፣ ከዚያ ዘይት በነካ ነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ ግራጫ እስከሆነ ድረስ የመሞረጃው ድንጋይ ዱቄት አልወጣም፣ አዲሱን ፋሻ በጥቂት ቀን ይበላዋል።

በዚያው ቢዬላውን (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያያይዘውን ዘንግ) ያዝና ወደ ላይና ወደ ታች ሳብ። ወደ ጎን ትንሽ መንቀሳቀሱ ያለ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች በእጅ የሚሰማ ክፍተት ካለ ግን የቢዬላው የታችኛው ኩሽኔታ አልቋል፣ ፒስተን መቀየር ብቻውን ገንዘብ ማባከን ነው።

ነጭ_ጋዝ
ማንም ያላነሳው ነገር፦ ይህን ሞተር ምን በላው? ከአየር ማጣሪያው ሳጥን ወደ ካርቡራተር የሚሄደውን ጎማ ፍታና ውስጡን በጣትህ ጥረግ። ጣትህ ላይ የሚያሻክር ነገር ካገኘህ አቧራ ማጣሪያውን አልፎ እየገባ ነው። ጎማውን አጠፍ እያደረግህ ስንጥቅ ፈልግ፣ ማሰሪያውንም እይ። ስፖንጁን በነጭ ጋዝ እጠብ፣ አድርቅ፣ የሞተር ዘይት አጠጣና ጨምቅ። ደረቅ ስፖንጅ ደቃቁን አቧራ አይዝም። ኮረኮንች ላይ በየ1,000 ኪ.ሜ ይታጠብ።

ሌላው፣ ይህ ሞተር የወረቀት ፊልትሮ የለውም። በቀኝ ሽፋን ውስጥ ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ የሚሽከረከር ክብ ማጣሪያ አለ፣ በ3 ብሎን የታሰረ። ሲከፈት ግድግዳው ላይ እንደ ጭቃ የተጋገረ ጥቁር ዝቃጭ ታገኛለህ፤ በየ12,000 ኪ.ሜ ይጠረግ። ሽፋኑ ሲከፈት ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን፣ የዘይቱ ወንፊትም ይታጠብ። ዘይት ሲቀየር የሚገባው 0.9 ሊትር ነው። «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) የሚል ደረጃ የተጻፈበት የሞተር ሳይክል ዘይት ፈልግ፤ ነዳጅ ቆጣቢ የሚባሉ የመኪና ዘይቶች ፍሪሲዮን (ክላች) ያንሸራትታሉ።

ባለ_125
እግዜር ይስጥልኝ። ሬቲፊካ ቢደረግ ማለማመዱ እንዴት ነው?

ቶርኖ_ቤት
እስከ 500 ኪ.ሜ ከግማሽ ጋዝ ብዙ አትለፍ፣ ግን ፍጥነቱን ቀያይር። በአንድ ፍጥነት ረጅም መንገድ፣ ቆሞ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው) ረጅም ጊዜ ማሠራትም ይቅር። 500 ላይ ዘይቱን ቀይር፣ የቫልቭ ክፍተቱን ድገም።