የ1966 ሙስታንግ እግሩ ይነካ ወይስ አይነካ?

ጠያቂው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦
ባለ 289 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ሙስታንግ ገዛሁ፤ የ1966 ምርት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንደ እሱ የሚያስደስት የለም። ኩርባ ላይ ግን እንደ ጀልባ ያጋድላል፤ መሪውን ብጠመዝዝም አፍንጫው ወደ ውጭ መሄድ ይወዳል። ፊት ለፊቱ ደግሞ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር እንደ አሮጌ አልጋ ይጮኻል። አንዱ ወዳጄ የፊቱን ሱስፔንሽን (ጎማውን ከአካሉ የሚያያይዘውንና የመንገዱን ምት የሚያለዝበውን ክፍል) በሙሉ ነቅለህ ዘመናዊ አስገባ ይለኛል። ሌላው አንዲት ቡሎን ብትነካ አላውቅህም ብሏል። ለሥራው የያዝኩት 4,000 ዶላር ነው። የእናንተስ ፍርድ?

የፋብሪካው ወዳጅ፦
እኔ ከሁለተኛው ወዳጅህ ጋር ነኝ። ፎርድ ይህን መኪና በሚያዝያ 1964 ገበያ ላይ ሲያወጣ የእግሩን አሠራር ፋልከን ከተባለው ሌላ መኪናው ነው የወሰደው፦ ከፊት በላይኛው ብራቾ (ጎማውን በሚይዘው ክንድ) ላይ የቆመ ሞላ፣ ከኋላ በባሌስትራ (በተደራረበ የብረት ሞላ) ላይ የተኛ ድፍን አክስል። የሚያጋድለው ስለታመመ አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው። እንደ ዘመናዊ መኪና የሚታጠፍ ከፈለግህ በዚያው ገንዘብ ያገለገለ ጃፓን ሠራሽ ታገኛለህ። ቨርጂኒያም 25 ዓመት ለሞላው መኪና የጥንታዊ ሰሌዳ ሰጥታ ከዓመታዊ ምርመራ ነጻ የምታደርገው እንደ ቅርስ ስለምታየው ነው። ቅርስ ደግሞ ይጠበቃል እንጂ አይሻሻልም።

የቼቬሏ ባለቤት (ሜሪላንድ፤ ቼቬል የሼቭሮሌ መኪና ነው)፦
ወንድሜ፣ ቅርስ ሙዚየም ውስጥ ይቀመጣል፤ ይኸኛው በ60 ማይል ፍጥነት ከልጆቼ አጠገብ ያልፋል። የ1966 ሙስታንግ የፍሬን ዘይት መስመሩ አንድ ብቻ መሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን አልባ ይሆናል። ባለ ሁለት ክፍል የፍሬን ማስተር (ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ፓምፕ) በሙስታንግ ላይ የመጣው በ1967 ነው። ግጭት ሲደርስ ወደ ሾፌሩ ደረት ከመምጣት ይልቅ የሚኮማተረው የመሪ ዘንግም ከ1966 በኋላ ነው የመጣው። ፎርድ ራሱ በዓመቱ ያረመውን ጉድለት እኛ ታሪክ ብለን እንሳለመው?

ምርመራ ስለመቅረቱ ያልከውንም አልቀበለውም። ያ ሰሌዳ መኪናውን ወደ ትርዒት ብቻ አይደለም የሚያስወጣው፤ አልፎ አልፎ ለመዝናናት ከቤት እስከ 250 ማይል ያስኬዳል። 250 ማይል ማለት ትልቁ አውራ ጎዳና ማለት ነው። ሞላህ የግል ምርጫህ ይሁን፤ ቴስቲናህና (የመሪና የጎማ መጋጠሚያህና) ፍሬንህ ግን የእኔም ጉዳይ ነው።

ባለ ፈረስ ጉልበት፦
ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ ይኸኛው ፈረስ ግን ኩርባ ላይ ይዋጋል። መፍትሔው የታወቀ ነው። ከ1974 እስከ 1978 በተሠራው ሁለተኛው ሙስታንግ አምሳል የሚዘጋጀውን የፊት ሱስፔንሽን ግጠምበት። በሞተሩ ግራና ቀኝ የቆሙትን ማማዎች ቆርጠህ ትጥላለህ፣ ጥርስ ባለው ዘንግ የሚሠራ ቀላል መሪ ታገኛለህ፣ ለትልቅ ሞተርም ቦታ ይለቀቃል።

የሶማሌ ተራው (መካኒክ)፦
ሙያውን አዲስ አበባ ነው የተማርኩት፤ እዚህም እጄ ከቅባት አልወጣም። ስለዚህ ብራቾ፣ ጎሚኒ (የመጋጠሚያ ላስቲክ)፣ ቴስቲና እያልኩ ከጣሊያን በወረስናቸው ቃላት ባወራ ይቅር በሉኝ።

ልጄ፣ ማማውን አትቁረጥ። ቼቬል ከሥሩ ሙሉ ሻንሲ አለው፤ ሙስታንግ የለውም፤ አካሉ ራሱ ሻንሲው ነው። ከመንገድ የሚመጣው ምት በሞላው በኩል ወደ እነዚያ ማማዎች ይገባ ዘንድ ነው የተሠራው። ስትቆርጣቸው ሸክሙ ሁሉ ለዚያ ሥራ ወዳልተዘጋጀው የታችኛው ብረት ይወርዳል። በወጉ አጠናክሮ የሚበይድ አለ፣ አልካድኩም፤ በ4,000 ዶላር ግን አታገኘውም።

መጀመሪያ መኪናውን አንሣና ማማዎቹ እንዳልተሰነጠቁ እይ። ከዚያ ጎሚኒዎቹን ነካ ነካ አድርግ። ያ የአልጋ ጩኸት በአብዛኛው ቅባት ካጣው የላይኛው ብራቾ መጋጠሚያ ነው የሚመጣው። የሞተ ጎሚኒና የደከመ አሞርዛተር (የሞላውን ንዝረት የሚያበርደው) ያለበት መኪና ላይ ጠንካራ ሞላ መግጠም፣ ጉልበቱ ለታመመ ሰው አዲስ ጫማ መግዛት ነው።

ቀጥሎ የጎማ አላይመንት። የፋብሪካው ልክ የወጣው ክሩ በሰያፍ ለተደረበው የዚያ ዘመን ጎማ ነው። አንተ የምትነዳው ግን የዛሬውን ጎማ፣ ራዲያሉን ነው። በአሮጌው ልክ ካስተካከልከው መሪው ሲቅበዘበዝ ይኖራል። ካስተሩን (ጎማው የሚታጠፍበት ዘንግ አናት ወደ ኋላ ማዘንበሉን) ከ2 እስከ 3 ዲግሪ፣ ካምበሩን (የጎማውን አናት ማዘንበል) ግማሽ ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ አድርገው፤ ከዚያ ነድተህ ጥራኝ። ሌላ ዕቃ መግዛቱን የሚተው ብዙ ነው።

ባለ ፈረስ ጉልበት፦
ጋሼ፣ በአላይመንት ብቻ ማጋደል ይቀራል እንዴ? ቢያንስ ወፍራም ስታቢላይዘርና (ግራና ቀኝ ጎማን አያይዞ ማጋደልን የሚገታ ዘንግ) ከላስቲክ የጠነከረ የፖሊዩሬቴን ጎሚኒ ይግባበት።

የሶማሌ ተራው፦
ስታቢላይዘሩን እቀበላለሁ፣ በልክ ከሆነ። የብረቱ ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር በአራተኛ ደረጃ ነው የሚያድገው፤ ከ20 ወደ 25 ሚሊ ሜትር ብትሄድ ወደ 2.4 እጥፍ ይጠነክራል። የፊቱን ብቻ እጅግ ካወፈርከው ማጋደሉ ቀንሶ አፍንጫው የባሰ ወደ ውጭ ይሄዳል።

ፖሊዩሬቴን ግን ቦታ ይመርጣል። የታችኛውን ብራቾ ወደ ፊት የሚይዘው ዘንግ ሲሠራ ጎሚኒው ላይ መወዛወዝ አለበት። እዚያ ላይ ደረቅ ነገር ስታስገባ ዘንጉ ራሱ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ይታጠፋል። የአንድ ደንበኛዬ ከጥርሱ ሥር ተቆርጦ ፍሬን ሲይዝ ጎማው ወደ ኋላ ሸሸ። ሰውየው የተረፈው ከመኪና ማቆሚያ እየወጣ ስለነበረ ነው። እዚያ ቦታ ላስቲክ ተው።

ለማጋደሉ እኔ የምመርጠው ሌላ ነው። በ1965 የውድድር መኪና ሠሪው ካሮል ሼልቢ ከሙስታንግ ጂቲ 350ን ሲሠራ የላይኛውን ብራቾ መጋጠሚያ 1 ኢንች ዝቅ አደረገው፤ ሐሳቡ የፎርዱ መሐንዲስ የክላውስ አርኒንግ ነው። አካሉ ሲያጋድል የውጨኛው ጎማ አብሮ ተዘንብሎ በጠርዙ ይሄድ ነበር። መጋጠሚያው ሲወርድ ግን ብራቾው የጎማውን አናት ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ጎማውም አስፋልቱን በሙሉ መዳፉ ይይዛል። ወጪው በየጎኑ ሁለት ቀዳዳ መብሳት ነው።

የፋብሪካው ወዳጅ፦
ያው ሼልቢ በ1966 ወጪ ለመቀነስ ያንን ሥራ ተወው አይደል? ይህን ያህል የሚያስፈልግ ቢሆን ኖሮ አይተወውም ነበር።

የሶማሌ ተራው፦
ወጪ ለመቀነስ ተወው፤ አንተው ተናገርከው። አይጠቅምም ብሎ አልተወውም።

የፋብሪካው ወዳጅ፦
ይሁን። የድሮዎቹ ቀዳዳዎች ስላሉ ወደ ቦታው ሊመለስ ይችላል፤ ብየዳ ስለሌለበት በዚህ አልጣላም። ማማ መቁረጥ ከሆነ ግን ከዚህ ውይይት እወጣለሁ።

የቼቬሏ ባለቤት፦
እኔም ስለ ቀዳዳው ግድ የለኝም። ፍሬኑን ግን ማንም አልመለሰልኝም። በተሻለ የሚታጠፍ መኪና ባለቤቱን በፍጥነት ያባብለዋል፤ ያኔ ያ አንድ መስመር ቢፈነዳስ? የእኔ ቼቬል ከኋላም ሞላ ነው፣ ከባሌስትራ ይሻላል እያልኩ ስኩራራ ነበር። አንድ ቀን ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሞላ የሚያወራ ሰው ሲያጋጥመኝ አስቀድሜ ፍሬኑን ነው የምጠይቀው።

ጠያቂው፦
በስንጥቁ ምክር ትናንት ማታ ባትሪ ይዤ ገባሁ፤ ማማዎቹ ደህና ናቸው፣ በላይኛው ብራቾ ላይ ያለው የሞላ መቀመጫ ጎሚኒ ግን በጣቴ ሲነካ ተፈረፈረ። ስለዚህ መጀመሪያ ባለ ሁለት ክፍል የፍሬን ማስተርና አዲስ ቱቦዎች፣ ቀጥሎ ጎሚኒና አሞርዛተር፣ ከዚያ አላይመንት። ብራቾው አንዴ ከወረደ ቀዳዳውንም እበሳዋለሁ፤ ጋሼ፣ ልኩን እርስዎ ቢያሳዩኝ። ገንዘብ ከተረፈ ስታቢላይዘር።

የፋብሪካው ወዳጅ፦
የድሮውን የፍሬን ማስተር እንዳትጥለው። እኔ እወስደዋለሁ።

የቼቬሏ ባለቤት፦
መደርደሪያ ላይ ከሆነ ውሰደው።