መናገርንና ማዳመጥን በሞጁል ብቻ እንዴት ላስተምር?

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ባሕር ዳር ሆኜ ለርቀት ተማሪዎች የተግባቦት ክህሎት ሞጁል እያዘጋጀሁ ሳለ መላው ጠፍቶኛል። የጽሕፈቱ ክፍል አላስቸገረኝም፤ ተማሪው የጻፈውን ደብዳቤ በሞጁሉ መጨረሻ ካለው ናሙና ጋር ያመሳክራል። መናገርና ማዳመጥ ግን ሌላ ሰው ይፈልጋሉ፤ ከዘጌ በጀልባ ተሻግሮ ለገጽ ለገጽ ትምህርት አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣ ተማሪ፣ ንግግሩ መፍጠኑን ወይም ድምፁ መዋጡን በራሱ የሚያውቅበትን መንገድ ማበጀት አቃተኝ። ድምፃቸውን በስልክ ቀድተው ራሳቸውን እንዲመዝኑ ብጠይቃቸው፣ ሁሉም ለራሳቸው ሙሉ ነጥብ ሰጡ (እኔም ብሆን ሳላደርገው አልቀርም)። «ጥሩ» ወይም «ደካማ» ከማሰኘት ይልቅ የሚቆጠር ነገር የሚጠይቅ፣ ለምሳሌ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ «ማለት ነው» እንዳሉ የሚያስቆጥር ቅጽ ያዘጋጃችሁ፣ ወይም የቤተሰብ አባልን በአድማጭነት ያሳተፋችሁ ካላችሁ፣ ናሙናውን እንድታካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።