የእናቴ የስልክ ደብተር፦ ቁጥሮቹ ጎድለው ነው ወይስ ያኔ እንዲህ ነበሩ?

የደጃች ውቤ ልጅ

በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ስንነሳ ዕቃ ስሸክፍ የእናቴን የስልክ ደብተር አገኘሁ። እናቴ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ትንሽ ሱቅ ነበራት። በሰፈሩ ስልክ ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር አንድ ነገር ለማወቅ የቸገረው ሁሉ ወደ እርሷ ይመጣል። «እትዬ፣ ዛሬ ማታ የትኛው መድኃኒት ቤት ክፍት ነው? የደሴ አውቶቡስ ስንት ሰዓት ይነሳል?» እርሷም መደወያው ላይ ያለችውን ትንሽ ጓጉንቸር ከፍታ ትደውላለች፤ መልሱን ሰምታ ትነግራቸዋለች።

ደብተሩ የተጻፈው በሰው ስም ሳይሆን በጉዳይ ነው፦ «ማታ የሚከፍት»፣ «ሬሳ ሳጥን»፣ «ውሃ ሲጠፋ»፣ «ሌሊት የሚመጣ ታክሲ»። «ማታ የሚከፍት» የሚለውን ሦስት ጊዜ ሰርዛ ስለጻፈች ወረቀቱ ሊበሳ ደርሷል። ቁጥሮቹ ግን ሁሉም ስድስት ስድስት አሃዝ ናቸው። እናቴ አርፋለች፤ እንዳልጠይቃት። የሚያውቅ ካለ ቢነግረኝ?

ጡረተኛ የስልክ ሠራተኛ

ልጄ፣ የእናትህን ነፍስ ይማር። አንድም አሃዝ አልጎደለም። እስከ 1997 ማብቂያ የአዲስ አበባ ስልክ ስድስት አሃዝ ነበር። በመስከረም 1998 የከተማዋ መለያ ከ01 ወደ 011 ሲቀየር በእያንዳንዱ ቁጥር ፊት አንድ አሃዝ ተጨመረ። የሚጨመረው አሃዝ እንደየአካባቢው ይለያያል፦ በ56 ይጀምር የነበረው የፒያሳ ቁጥር 156 ሆነ፤ በስታዲየም ዙሪያ 51 የነበረው 551፣ ቦሌ 61 የነበረው 661። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቤቱ የት እንደነበረም ማወቅ አለብህ። ደብተሩን እንዳትጥለው፤ አደራ።

ጸሐፊዋ

በጉዳይ መጻፋቸው ትልቅ ብልህነት ነው! እኔ ቸርችል ጎዳና ፖስታ ቤቱ አጠገብ በነበረ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። የስልክ ማውጫው የሚደረደረው በራስ ስም ስለሆነ «ተስፋዬን ፈልጊልኝ» ስባል ጣቴን በዓምዱ ላይ እያስኬድኩ እወርዳለሁ፤ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ። የአባት ስም ብቻውን አይበቃም፤ አያትም ያስፈልጋል። ያም ሆኖ ሰውዬው የሚኖረው በሟች አባቱ ቤት ከሆነ ስልኩ ያለው በአባትየው ስም ነው፤ ማውጫው ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም። ያን ጊዜ የሚያዋጣው ሰውዬውን ለሚያውቅ ሰው ደውሎ መጠየቅ ነበር። እናትህ የሰፈሩ ማውጫ ነበሩ ማለት ነው።

የደጃች ውቤ ልጅ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ለእርስዎም እቴ። «ሌሊት የሚመጣ ታክሲ» በ51 ስለሚጀምር 5 ጨምሬ ትናንት ከሰዓት በኋላ ደወልኩ። ጠራ። አንዲት አሮጊት አነሱ። ባለቤታቸው ታክሲውን ከሸጡ ቆይተዋል፤ እርሳቸውም እናቴን በዓይን አይተዋት አያውቁም። ድልድዩን ስጠቅስላቸው ግን አስታወሱ። «ሁልጊዜ ከሰላምታ በፊት ይቅርታ ይጠይቁ ነበር፤ ከእንቅልፍ ስለሚቀሰቅሱን» አሉኝ።