ሳንቃበር ላይ ባትሪዬ ቀን «ሙሉ» ይላል፣ ሌሊት ይሞታል፤ እርዱኝ

ባለ ዶልፊኑ፦
ጎበዝ፣ የሚያውቅ ካለ ቶሎ! ዶልፊኗን (ሚኒባሴን) ወንበሯን አውጥቼ አልጋና ፍሪጅ ገጥሜ የእንግዳ ማደሪያ አድርጌያታለሁ። ሰሞኑን ስሜን ተራሮች ሳንቃበር ነው የምናድረው። ጣሪያ ላይ 200 ዋት ፓነል አለ፣ ባትሪው 100 አምፔር ነው። ቀን፣ ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር 14.4 ቮልት ይጽፍና ሙሉ ነው ይላል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ኢንቨርተር ጢጥ ጢጥ ይልና ጭልም። ፍሪጁም መብራቱም የለም። አሁን ደባርቅ ዕቃ ልገዛ ወርጄ ነው የምጽፈው፣ ከሰዓት ተመልሼ መውጣት አለብኝ፣ ነገ ሌላ እንግዳ ይጨመራል። ፎርጅድ ባትሪ ሸጠውልኝ ነው? ጎንደር ወርጄ ልለውጠው? ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ነው እኮ።

የማራኪ ልጅ፦
ሳንቃበር ላይ ፍሪጅ? ወንድሜ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው የቆምከው። እኔ ያደርኩ ጊዜ ጠዋት ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ስስ በረዶ ሠርቶ ነበር። ፍሪጁን አጥፋና በሩን ክፈት፣ አለቀ። ቢራው ከበረደው ጋቢ ደርብለት።

ሹፌር ዘአራዳ፦
ባትሪው ነው። ቀይረው።

የአዘዞው፦
ባትሪ ነው። የኔም ልክ እንደዚህ ሲያደርግ ቀየርኩት፣ ተስተካከለ።

የማራኪ ልጅ፦
የሰው ገንዘብ ሲሆን እንዴት ይቀላል!

መምህር በጡረታ፦
ልጄ፣ ባትሪ ከመቀየርህ በፊት እስኪ ሒሳብ እንሥራ። 100 አምፔር ሰዓት በ12 ቮልት ሲባዛ 1,200 ዋት ሰዓት ይሆናል። እርሳስ ባትሪ ግን በየቀኑ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ በልበ ሙሉነት የምትጠቀምበት 600 ያህል ነው። ፍሪጅህ የቤት ፍሪጅ፣ የ220 ቮልት ይመስለኛል፤ አለዚያ ኢንቨርተሩ ሲጠፋ አብሮ ባልጠፋ ነበር። 70 ዋት የሚስብ ቢሆንና ከቀኑ ሲሶውን ቢሠራ 560 ይበላል። ኢንቨርተሩ ደግሞ ባዶውን ሲበራ ማንም ሳይጋልበው ገብስ እንደሚበላ በቅሎ ነው፤ 10 ዋት ብቻ ቢወስድ በ24 ሰዓት 240 ይሆናል። ድምሩ 800። ካለህ በላይ እያወጣህ ነው።

ወደ ፓነሉ እንምጣ። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በእኛ አገር እኩለ ቀን ላይ እንኳ አናት ላይ አትሆንም፣ ከፍታዋ 55 ዲግሪ ገደማ ነው። ጣሪያ ላይ ተኝቶ የተገጠመ ፓነል በዚህ ብቻ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል። በእኛ ጊዜ ይህ ሁሉ አልነበረም። ቆላ ሳስተምር ራዲዮ የምንሰማው በባትሪ ድንጋይ ነበር፤ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣውና ዜና እስኪያልቅ ያደርሰን ነበር…

የማራኪ ልጅ፦
ያኔም ሶላር ነበረ በሉኛ፣ መምህር!

ሽቦ ለኪው፦
አንቱ መምህር ያሉት ሒሳብ ልክ ነው፤ ግን ልጁ የጠየቀው ቀን «ሙሉ» ያለው ባትሪ ለምን ሌሊት አያደርስም ነው። ባለ ዶልፊኑ፣ እነዚህን መልስልኝ። 14.4 የሚለውን ያየኸው ኮንትሮለሩ ላይ ነው ወይስ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ባትሪው ራስ ላይ? ኮንትሮለሩና ባትሪው ስንት ሜትር ይራራቃሉ? ያገናኛቸው ሽቦ ስንት ነው?

ቱቦ ሠሪው፦
ኮንትሮለር የሚሉት ነገር ነው ሁሌ የሚያስቸግረው። አውጥተህ ጣለውና ፓነሉን ቀጥታ ባትሪው ላይ ስጠው። አሲድም ጨምርበት።

ሽቦ ለኪው፦
እንዳታደርገው! የ12 ቮልት የሚባለው ፓነል ጭነት ከሌለበት ከ20 ቮልት በላይ ያወጣል። የሚገታው ከሌለ ባትሪውን ያፈላዋል፣ ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው፤ አንተ ከላዩ ትተኛለህ። አሲድ የሚባለውም ተረት ነው። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ላይ የሚተነው ውሃው ነው፤ ስለዚህ የሚጨመረው ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ነው። ድፍን ከሆነ ጭራሽ አይነካም።

ባለ ዶልፊኑ፦
14.4 የሚለው ኮንትሮለሩ ላይ ነው። ኮንትሮለሩ ከሹፌር ወንበር ጀርባ ነው፣ እንግዳ እንዲያየው ብዬ። ባትሪው ኋላ አልጋው ሥር ነው። 6 ሜትር ይሆናል፣ ሽቦው በወለሉ ሥር ዞሮ ነው የሚሄደው። የቤት ሶኬት የሚዘረጋበት 2.5 የሚሉት ነው። መኪናዋ አጠገቤ ናት፤ እንግዶቹ ከስካውቱ ጋር በእግር ወጥተዋል። ቴስተር እስካገኝ ጠብቁኝ።

የአዘዞው፦
ጊዜህን አታጥፋ፣ ባትሪ ነው።

እመቤት ዘፒያሳ፦
እኔ የምለው፣ ዶልፊኗ ደባርቅ ድረስ ስትወርድ ሞተሯ ሲሠራ ነው የመጣችው። የማደሪያው ባትሪ ከዲናሞው ጋር አይገናኝም እንዴ?

ባለ ዶልፊኑ፦
አይገናኝም እህቴ። የሞተሩ ባትሪ እንዳይደክም ብዬ ለየሁት።

እመቤት ዘፒያሳ፦
መለየቱስ ደግ ነው፤ ሞተሪኖው ጠዋት እንቢ ካለህ እዛ ተራራ ላይ ገፊ የለህም። ግን ሞተር ሲነሳ የሚያገናኝ፣ ሲጠፋ የሚቆርጥ ሪሌ አለ። ጎንደር ስትመለስ አስገጥመው። ከደባርቅ ጎንደር ስትነዳ በነፃ ይሞላልሃል።

ሹፌር ዘአራዳ፦
እስከዚያ ሌሊት ሞተሩን አስነስቶ ይተኛ፣ ሙቀትም ያገኛል።

እመቤት ዘፒያሳ፦
ወንድሜ ሆይ፣ ሰው ልትገድል ነው? ቆሞ የሚሠራ ሞተር ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሽታ የሌለው ጋዝ ደግሞ ሰውን ከእንቅልፉ አያነቃም። የከሰል ምድጃም ያው ነው። ብርድ ከሆነ ብርድ ልብስ ይጨምር።

ባለ ዶልፊኑ፦
ተለካ። ፀሐይ ላይ ቆማ፣ ኮንትሮለሩ 14.4፣ ባትሪው ራስ ላይ 13.6። የትኛው ነው የሚዋሸው?

ሽቦ ለኪው፦
ሁለቱም አይዋሹም። የጠፋው 0.8 ቮልት ሽቦው ላይ ነው። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ በሜትር 0.007 ኦም ገደማ አለው። መሄጃው 6፣ መመለሻው 6፣ ድምሩ 12 ሜትር፤ 0.08 ኦም ይሆናል። ፓነልህ ጥሩ ፀሐይ ሲያገኝ 10 አምፔር ይሰጣል፤ 10 በ0.08 ሲባዛ ልክ የለካኸው ቁጥር ነው። ኮንትሮለሩ የሚያውቀው የራሱን ጫፍ ብቻ ነው። 14.4 ሲያይ «ደረሰ» ብሎ አምፔሩን መቀነስ ይጀምራል፤ ባትሪው ግን ገና 13.6 ላይ ነው። አምፔሩ ሲቀንስ ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል፣ ግን ያኔ ፀሐይዋ ሄዳለች። ደግሞ እርሳስ ባትሪ የመጨረሻውን አንድ አምስተኛ ለመሙላት 14.4 ላይ ሆኖ እንኳ ሰዓታት ይፈልጋል። ስለዚህ ያንተ ባትሪ በየቀኑ ሳይሞላ ነው የሚያድረው፤ እንዲህ ከሰነበተ ደግሞ አዲሱም ያረጃል።

ዛሬ የምትሠራው ይኸው፦ ኮንትሮለሩን ነቅለህ ባትሪው አጠገብ ግጠመው፣ በመካከላቸው ያለው ሽቦ ከ1 ሜትር አይብለጥ፣ ወፈር ያለ ይሁን። ረጅሙ ሽቦ ከፓነሉ ወደ ኮንትሮለሩ ያለው ይሁን፤ ፓነሉ ትርፍ ቮልት ስላለው እዛ ላይ ትንሽ ቢጠፋ አይጎዳህም። ስትነቅል መጀመሪያ ፓነሉን፣ ቀጥሎ ባትሪውን። ስትገጥም መጀመሪያ ባትሪውን፣ ፓነሉን በመጨረሻ። ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ በቅርብ ይግባ፤ ስለ ፊውዝ አንድም ቃል አልተናገርክም፣ እሱ ያሳስበኛል።

መምህር በጡረታ፦
ጎሽ። የኦምን ሕግ ያልረሳ ሰው አለ ማለት ነው።

ሹፌር ዘአራዳ፦
ሊቲየም ቢገዛ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም።

ሽቦ ለኪው፦
ጥሩ ነው፣ ብር ካለ። ግን ሊቲየም ፎስፌት የባትሪው ውስጥ ከ0 ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ሊደረግ አይገባም። ደህና ሥሪት ከሆነ ራሱ ይቆርጣል፤ ካልሆነ ይበላሻል። ለስሜን ጠዋት ይህን አስበህ ነው የምትገዛው። ቀጭኑ ሽቦ ደግሞ ለሊቲየምም ቀጭን ነው።

የጭልጋ ልጅ፦
ስለ ኢንቨርተሩ ማንም አላነሳም። ጢጥ ጢጥ ያለው ባትሪው ጨርሶ ባዶ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። የፍሪጁ ኮምፕሬሰር ሲነሳ ለአንድ አፍታ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል። ባትሪው ደክሞና በርዶት ከነበረ፣ የኢንቨርተሩም ሽቦ ቀጭን ከሆነ፣ ቮልቱ ለቅጽበት ወደ 10.5 ይወርድና ኢንቨርተሩ ይቆርጣል። ለማረጋገጥ ጠዋት ፀሐይ ሳይነካው፣ ሁሉም ነገር ጠፍቶ ትንሽ ካረፈ በኋላ ባትሪውን ራሱን ለካው። 12.7 ገደማ ካለ ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ፣ ወደ 11.8 ከቀረበ ባዶ። ይህን ሳታይ ሻጩን ሌባ አትበለው። ደግሞ ፓነሉ ላይ ጥላ አያርፍም?

ባለ ዶልፊኑ፦
ፖርቶ መጋላው ላይ ስኮርታ ጎማ አለ፣ ከፓነሉ ጎን። ከሰዓት ጥላው ጥጉ ላይ ያርፋል፣ ትንሽ ነው ግን።

የጭልጋ ልጅ፦
ትንሽ የሚባል ጥላ የለም። ሴሎቹ በተርታ ነው የተያያዙት፤ ጥጉ ሲጠቁር የፓነሉ ግማሽ ሊወድቅ ይችላል። ጎማውን ወደ ኋላ አዛውረው። ስታቆምም ጅብራ ሥር አታቁም፣ ለፎቶ ያምራል እንጂ።

ባለ ዶልፊኑ፦
እሺ፣ እዚሁ አንድ ልጅ አግኝቼ ኮንትሮለሩን እያዛወርነው ነው። ፊውዙንም እንፈልጋለን። ኢንቨርተሩን ማታ አጠፋዋለሁ፣ መብራቱን ከባትሪው ቀጥታ በ12 ቮልት አድርጌዋለሁ። ሥጋው ደጅ ያድራል።

የማራኪ ልጅ፦
ብዬህ ነበር! ግን ሥጋውን ሳጥን ውስጥ ቆልፈህ ነው ደጅ የምታሳድረው። ማታ ጅብ ነው፣ ጠዋት ያ ምንቃረ ወፍራም ቁራ። የሳንቃበሩ ቁራ ዚፕ ይከፍታል ብልህ አታምነኝም።

የአዘዞው፦
ባትሪውን ሳትቀይር ብር አውጥተህ ሽቦ ገዛህ። ነገ እናያለን።

እመቤት ዘፒያሳ፦
ባለ ዶልፊኑ፣ ጠዋት ስንት አነበብክ?

ሽቦ ለኪው፦
ወንድሜ፣ ቁጥሩን ጻፍልን እንጂ።

ባለ ጎርጎራው፦
ባለ ዶልፊኑ ዝም አለ፣ ኔትወርክ የለም መሰለኝ። የኔ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ ጎርጎራ ጣና ዳር ነው የማቆመው። እኔም ኮንትሮለሬ ከባትሪው 5 ሜትር ይርቃል። ያው መፍትሔ ይሠራል?

ሽቦ ለኪው፦
አዎ፣ አቀራርባቸው። ጎርጎራ ግን ከሳንቃበር ስለሚሞቅ ፍሪጅህ ከሲሶ በላይ ይሠራል፣ ፓነሉም ሲግል ቮልቱ ይቀንሳል። ከጣሪያው ጋር አታጣብቀው፣ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተውለት። ሽቦህ ስንት ነው?